ጀርባ ለጀርባ የተደረገ ድርድር

ለተወደድሽ እኅቴ ለሜቪስ፤

ሰማይንና ምድርን በቃሉ ያጸና አምላክ ሰላሙን በቤትሽ ያሳድር። እንደምን ሰነበትሽ? የኩላሊት እጥበቱ አሁንም ያደክምሻልን? የፐርዝ ከተማ ብርድስ ለቀቀሽ? እኛ፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ሁላችን ደኅና ነን፤ ጉልበቴ ለጸሎት ስንበረከክ ከማጉረምረሙ በቀር እኔም ደኅና ነኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ጃሊንጉ ምንጭ ነው። የማዕድን ኩባንያው የመኪና መንገዱን እናታችን አንቺን በወለደችበት ውኃ ላይ ሊያሳልፍ ሲጠይቀን ከርሟል። ፍርድ ቤት የዚህ ምድር ነባር ባለቤቶች መሆናችንን ካጸናልን ወዲህ ከእኛ ጋር ሳይደራደር አያልፍም። ካልተስማማን ግን ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛው ምን እንደሚል ደግሞ ከላይ ካለው በቀር የሚያውቅ የለም።

የምንጩን ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ኤልሲና የልጇ ባል ክላረንስ ናቸው፤ እርሷ የሴቶቹን ወገን፣ እርሱ የወንዶቹን። በአባቶቻችን ሕግ አማትና አማች ፊት ለፊት መተያየታቸው ነውር ነውና፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ኤልሲ ስትገባ ክላረንስ ወጣ፤ እርሱ ሲመለስ እርሷ ወጣች። የኩባንያው ሰው የተጣሉ መሰለው። ጠበቃችንን ሄለንን ወደ ጥግ ወስዶ፣ "እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ከአንዱ ወገን ጋር እንፈራረም" አላት። "ኧረ ጌታዬ፣ ተከባብረው ነው እንጂ መች ተጣሉ!" ብትለው አላመናትም።

እኔም ጸሎቴን አድርሼ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ከቤተ ክርስቲያን አስወጥቼ ከዛፉ ሥር ጀርባ ለጀርባ አስቀመጥሁ። ኤልሲ ወደ ምሥራቅ፣ ክላረንስ ወደ ምዕራብ ዞረው ተቀመጡ፤ እኔ በመካከል ቆሜ ቃል አቀባይ ሆንሁ። የኩባንያው ሰው በየት በኩል እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ካርታውን ይዞ ይዞር ጀመር። ኤልሲ፣ "ወንድም ሲላስ፣ ያንን ሰውዬ ቁጭ በል በለው፤ እንደ ጠፋ ጥጃ ዞረብኝ እኮ!" አለች። ክላረንስም ፊቱን ሳይመልስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ከዚያም፣ "ለእሜቴ ንገርልኝ፤ መንገዱ ከቀዩ ኮረብታ ወዲያ ቢዞር የወንዶቹን የሥርዓት ቦታ አይነካም። የሴቶቹንስ?" አለ። እርሷም፣ "ለልጄ ባል ንገረው፤ ከኮረብታው ወዲያ ከሆነ እኛም አንከፋም። ውኃው ዘንድ ግን ጎማ ዝር ቢል፣ መንገዱ ላይ እኔው እተኛበታለሁ!" አለች። የኩባንያው ሰው ተገርሞ፣ "ታዲያ ድሮም ትስማሙ ነበር?" ቢል፣ "የኔ ልጅ፣ ተስማምተን የኖርነውማ ሳንተያይ ነው!" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ሰውዬው መንገዱን ሊያዞር እሺ አለ። ብዕሩን ሲያወጣ ግን ክላረንስ፣ "በውኃው ላይ የተወለደ ባለ ውኃው ነውና፣ ሜቪስ ቃሏን ሳትሰጥ ማንም አይፈርምም" አለ። "እርሷ ሩቅ ናት፣ ታማለችም" ቢባል፣ "ብትታመምስ? ምንጩን ለሐኪም አላስረከበች!" ሲል መለሰ። ኤልሲም፣ "እውነቱን ነው በልልኝ" አለች።

ስለዚህ ሄለን በመጪው ሳምንት ካርታውን ይዛ ወደ አንቺ ትመጣለች። ታላቅሽ ብሆንም በዚህ ነገር አላዝዝሽም። እሺ ብትዪ እንፈርማለን፤ እንቢ ብትዪም ያላንቺ የሚፈርም እጅ እዚህ የለም።

ለልጅሽ ለሮዛሊን፣ ለባሏ ለዴዝሞንድና ለትንሿ ታሊ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ክላረንስ እጅ ነሥቷል። ኤልሲ ደግሞ፣ "የወንዙ ዓሣ ወፍሯል፤ ሐኪሞቹ ሲፈቅዱልሽ መጥተሽ ብዪ" ብላሻለች።

ታላቅ ወንድምሽ ሲላስ
ዋራንጊ መንደር፣ ኪምበርሊ
ኦገስት 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.