የአራታችሁ አንድ ቃል

ከእናቴ እኩል ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? እማዬስ፣ ትንሹ ወንድማችን ምላሶስ፣ ቤቱስ እንዴት ከርሟል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞርና አጠገብሽ ማን እንደቆመ ስለማላውቅ ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ። የታሪክ አስተማሪ ተብዬ ክፍል ከገባሁ ወራት አልፈዋል፤ ግን ገና ቋሚ አልሆንኩም። ቁርጤን የማውቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ቆራጯ ደግሞ የታሪክ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። ተማሪዎቹ «ወይዘሮ ለምን» ይሏቸዋል፤ ከአፋቸው ሌላ ቃል አይወጣምና። ሳስተምር ከኋላ ይቀመጣሉ፤ አይስቁም፣ አይቆጡም፤ ሲደወል ጠጋ ብለው ይህን ለምን በዚህ መንገድ አስተማርከው ይሉኛል። እኔን ደግሞ ታውቂኝ የለ፣ ሰው ዝም ብሎ ካየኝ ጉድጓድ እየማሰልኝ ይመስለኛል። ቦታዬን ለዘመዳቸው ሊሰጡ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ሻይ ቢጋብዙኝ እንኳ፣ ይቺ ሻይ በጤና አይደለችም ብዬ ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ታዲያ ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሚኒባስና የጭነት መኪና ተጋጩ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳያቸው ብዬ ተማሪዎቼን ያያችሁትን ጻፉ አልኳቸው። የብዙዎቹ ወሬ እርስ በርሱ የሚጣላ ነበር፤ አንዱ ሚኒባሱ ነጭ ነው ይላል፣ ሌላዋ ሰማያዊ ትላለች። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ልጆች ግን ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጻፉ፤ ጥፋቱ የጭነት መኪናው ነው፣ እየከነፈ መጥቶ ገባበት የሚል። ሦስት ምስክር ከገጠመ ሌላ ምን ቀረ ብዬ ከሁሉ የበለጠ ማርክ ሰጠኋቸው።

ወይዘሮ ለምን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው አዩና፣ ይህ የሦስት ሰው ቃል ነው ወይስ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተናግሮ ነው አሉኝ። ልጆቹን ባወጣጣቸው አንዳቸውም ግጭቱን አላዩም። የሚኒባሱ ሾፌር የአንደኛዋ አጎት ነው፤ እሷ ያለችውን ሁለቱ ገለበጡላት። ክፋት የለበትም፣ ለወዳጅ ማዘን ነው። ወይዘሮዋም፣ በዓይኑ ያየ ሰው ከሌላው ጋር በትንሹም ቢሆን ሳይለያይ አይቀርም፤ ተስማምተው ከመጡህ ለማን ብለው እንደሆነ ጠይቅ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ሲወጡ ባዶው ክፍል ውስጥ ቁጭ እልና ዛሬ ምን አልኩ፣ እንዴት አወቅኩ፣ ማንን ሳልሰማ ቀረሁ እያልኩ ራሴን አፋጥጣለሁ። ሴትዮዋን አሁንም አፌን ሞልቼ አምናቸዋለሁ አልልም፤ ግን አስተማሪ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

እታለም፣ ይህ ልማድ ከክፍል የማይወጣ መስሎኝ ነበር። ባለፈው እሁድ ደውዬ አባባስ ስልሽ፣ «ትንሽ ድካም ቢጤ ነው፤ አሁን ተኝተዋል» አልሽኝ። እማዬም ትንሽ ድካም ቢጤ ነው፣ አሁን ተኝተዋል አለችኝ። ምላሶም፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ያየውን ለማውራት ግማሽ ቀን የሚፈጀው ልጅ፣ ያችኑ ቃል ብሎ ስልኩን መለሰልሽ። ልቤ አልቀበል ቢለኝ በማግስቱ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ደወልኩ። እሱም ድካም ቢጤ ነው፣ አሁን ተኝተዋል አለኝ። ከሱቁ ሆኖ አባባ መተኛታቸውን በምን አየ?

ሌላም አለ። ድሮ በእረፍት ካልመጣህ ብላችሁ ታስጨንቁኝ ነበር፤ አሁን ሁላችሁም ሥራህ እስኪጸና አትምጣ ትሉኛላችሁ። የእማዬ ድምፅ ጎርንኗል፣ ጉንፋን ነው አለች፤ ያንቺም ጎርንኗል፣ ያንቺም ጉንፋን ነው። አባባ ደግሞ የትም ተኝተው ቢሆን ስልክ ሲጮህ፣ «ማነው? ያ ልጅ ነው? አስተማሪ ነኝ እያለ ድምፁ አይሰማም» ሳይሉ የቀሩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እንዳልደነግጥ፣ እንጀራዬን ጥዬ እንዳልመጣ ብላችሁ መሆኑ ይገባኛል። ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። እናንተ አልቅሳችሁ ስትጨርሱ እኔ ብቻዬን እንድጀምር ነው የፈለጋችሁት? ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም፤ አልደብቅሽም። ምናልባት እንደዚያች ሻይ በከንቱ ጠርጥሬ ይሆናል፤ እንደሱ ከሆነ ዕድሜ ልክሽን ሳቂብኝ። ብቻ አባባ ደህና ናቸው ብለሽ አትጻፊልኝ። በዚህ ሳምንት በምን እንደተነጫነጩ ጻፊልኝ፤ ምግቡ ጨው በዛበት ብለው ይሁን፣ ምላሶ በሩን ሳይዘጋ ወጣ ብለው፣ ምንም ይሁን፣ አንቺ በጆሮሽ የሰማሽውን።

እማዬን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ምላሶን ዝምታ አያምርብህም በይልኝ። ልብስ ሰፊውንም ሰላም በይልኝ፤ አልተቀየምኩትም። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የምትስሚው ጉልበት ከሌለ ግን፣ ሰላምታህን አድርሻለሁ ብለሽ አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ከመምህራን ማረፊያ ክፍል
ግንቦት ፲፬ ቀን