ላለመታረቅ የማልሁት መሐላ

ሰኞ፣ ከጠዋት ጸሎት በኋላ

በራሱ ምሎ ቃሉን በማያጥፍ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬ ይድረስሽ። ልጄ ሆይ፣ «ልጄ» ብዬ ስጽፍልሽ ካገባሽ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነውና ብዕሩ ከበደኝ።

እናትሽ እንደምታውቂያት ነች፤ አንደበቷ አልደከመም፣ ዓይኗ ግን እጅግ ደክሟል። ሐኪሙ የፊታችን ዓርብ ቀዶ ጥገና ሊያደርግላት ነው፤ ብርሃኗ ለመመለሱ ግን ዋስትና አልሰጠንም። እርሷም፣ «ከዚያ በፊት ልጄን ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ልያት» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ምያለሁ» አልኋት።

ያን መሐላ አልረሳሽውም። እኔ ያልመረጥሁትን ሾፌር ባገባሽ ጊዜ፣ «ሕያው እግዚአብሔርን! በሕይወት ሳለሁ ደጄን አትረግጪም» አልሁ። ከዚያ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ለአብርሃም በራሱ፣ ለዳዊትም በቅድስናው እንደማለ፣ ምሎም እንደማይጸጸት ባስተማርሁ ቁጥር፣ የራሴን ጭካኔ በዚያው መደዳ አሰልፈው ነበር። ባለፈው ዓመት እናትሽን ልትጠይቂ መጥተሽ፣ ዝናብ እየወረደብሽ ደረጃው ላይ ስትቀመጪ፣ በመስኮት ጃንጥላ አቀበልሁሽ። መሐላዬን ሳላፈርስ የራራሁ መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ «መምህር፣ ልጅዎን እንደ ፖስታ ቤት በመስኮት ነው እንዴ የሚያስተናግዱት?» አለኝ። ተቆጣሁት እንጂ አላፈርሁም።

ያፈርሁት ትናንት ነው። የማስተምረውን ቃል አስቀድሜ ለእናትሽ አነብላታለሁ። ትናንትም ከኢሳይያስ፣ እግዚአብሔር የኖኅ ውኃ ዳግመኛ በምድር ላይ እንዳያልፍ እንደማለ፣ እንዲሁ ሕዝቡን እንዳይቆጣ የማለበትን አነበብሁላት።

«እስቲ ድገመው» አለች። ደገምሁት።

«ምን ብሎ ነው የማለው?»

«እንዳይቆጣ።»

«አንተስ?»

መጽሐፉን ከደንሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ እርሱ ከቁጣው ሊመለስ ማለ፤ አንተ ከቁጣህ ላትመለስ ማልህ። ስሙን ከእርሱ ወሰድህ፣ አማማሉን ግን ለመሐላው ብሎ ዮሐንስን ካስገደለው ከሄሮድስ ተማርህ። ደግሞ ማስተማርህ!»

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ለሌሎች የተረጎምሁት ቃል እኔኑ ከሰሰኝ። ሐዋርያው፣ እግዚአብሔር በመሐላ መካከል የገባው እኛ ብርቱ መጽናናት እንዲኖረን ነው ይላል። መሐላው የሚታመነው እንደ እኔ እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ምሕረቱን እንዳያጥፍ ራሱን ስላሰረ ነው። ይህን አውቀው ነበር። ማወቄ ነው የበለጠ የሚያሳፍረኝ።

ዛሬ ማለዳ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። «መምህር» አሉኝ፣ «ስሙን ለቁጣዎ ስለ ጠሩበት ንስሐ እሰጥዎታለሁ። መሐላውን ይዘው ከቀጠሉ ግን ለእርሱ የሚሆን ንስሐ የለኝም።»

ስለዚህ ከዓርብ በፊት ነይ፤ ባልሽንም ይዘሽው ነይ። ምናልባት አንቺም በበኩልሽ «ደጁን አልረግጥም» ብለሽ ምለሽ እንደ ሆነ — የእኔ ልጅ ነሽና ይህን እፈራለሁ — አፍርሺው ለማለት አፍ የለኝም። ብቻ ላኪብኝ። የእናትሽን እጅ ይዤ እኔ እመጣለሁ፤ እርሷን አስገቢያት፣ እኔ «ግባ» እስክትይኝ ውጭ እቆማለሁ።

ለምሕረት የማለ አምላክ አንቺንና ልጄ የሆነውን ባልሽን ይባርክ፤ ቤታችሁን በሰላም ይሙላ፤ ከአፌ የወጣውን ክፉ ቃልም ከእናንተ ያርቅ። አሜን።

አባታችሁ