ያባረርከው ዝምተኛ

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ክፉኛ ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ፦

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ያቺ ትንሿ ልጅህስ እንዴት ናቸው? ብርዱ አልጠናባችሁም? ጀርባህንስ አሁንም ያምሃል? እማዬ ደህና ነች። የአባባም እግር ጠንክሮ ያለ ከዘራ እስከ ልብስ ስፌት ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ቀኝ እጃቸው ብቻ አሁንም እንደ ሰነፈ ነው። እኔም ከንዴቴ በቀር ጤነኛ ነኝ። ያልደወልኩልህ እኔ ስናደድ ቃል ስለሚጠፋኝ፣ አንተም ስትወቀስ ስልክ ስለምትዘጋ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል ስለዚያ የኮምፒውተር ጨዋታ አጫወትከኝ። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ አንድ ከተማ አብሮ የሚገነባበት፣ አንተም ከዳኞቹ አንዱ ሆነህ ደንብ የምታስከብርበት ነው። እዚያ ውስጥ «ዝምተኛው» የምትሉት ጎረቤት እንዳለህ፣ ድንጋይ ሲደረድር በሜትር የለካ እንደሚመስል፣ ከማንም ይልቅ ከእሱ ጋር መሥራት ደስ እንደሚልህ ነገርከኝ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ዝምተኛው ያን ጊዜ ጆሯቸውን ወደ ስልኬ አስጠግተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አባባ ናቸው።

አትደንግጥ አልልህም፤ ደንግጥ። ስትሄድ በምን እንደተጣላችሁ መቼም አትረሳውም። እሳቸው «ጨዋታ ሙያ አይሆንም፣ መቀስ ያዝ» አሉህ፤ አንተም ኩርፊያህን ይዘህ ወጣህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ለሳቸው የምትልከው ሰላምታ በኔ በኩል ነው። ከታመሙ ወዲህ መቀሱም እምቢ አላቸው። ታዲያ አንድ ቀን «እስቲ ያ ልጅ የወደደውን ነገር አሳዩኝ» አሉ። ኮምፒውተሩን ከስፌት መኪናው ጎን አስቀመጥንላቸው። ሲሳካላቸው ራሳቸው ሊነግሩህ ስለነበር እኔን ዝም እንድል አስማሉኝ። መሐላዬን ዛሬ አፍርሻለሁ፤ ኃጢአቱ ባንተ ነው።

ችግሩ ጨዋታው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ኪቦርዱን ተጭኖ ሲይዝ ሌላው ማውሱን ያንቀሳቅሳል። መቼም ጨዋታው የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ፣ የፈለገ አይቶ እንደሚያሻሽለው የነገርከኝ አንተ ነህ። ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ኮዱን አወጣና፣ አንዴ የተነካ ቁልፍ እንደገና እስኪነካ ድረስ እንደተጫነ እንዲቆይ አደረገላቸው። ሌላ ምንም አልጨመረም። ይህን ይዘውም ቢሆን ከሁላችሁ ቀርፋፋው እሳቸው ነበሩ።

አንተ ግን ባለፈው ሳምንት ፕሮግራማቸው የተነካካ መሆኑን አየህና በሰው ሁሉ ፊት «አጭበርባሪ» ብለህ ጻፍክባቸው። እሳቸው በግራ እጃቸው ፊደል በፊደል እየለቀሙ «እጄ አይታዘዝልኝም» አሉህ። መልስህን ከኋላቸው ቆሜ አነበብኩት፦ «ሌባ ሰበብ አያጣም።» ከዚያ አባረርካቸው። የሠሩትን ግንብ ሳይቀር አፈረስከው።

ደሜ ፈላ። ከደንበኛ ጨርቅ አንድ ስንዝር ቀንሰው የማያውቁ ሰው ናቸው በስተርጅና ሌባ የተባሉት። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» እየተባልክ ያደግክ ልጅ አንዴም ሳትለካ ቆረጥክ። አባትህ መሆናቸውን አላወቅህም፤ እሱን አልክድህም። ግን አባታችን ስለሆኑ ብቻ የተናደድኩ እንዳይመስልህ። ሌላ ሰው ቢሆኑስ? እጄ አይታዘዝልኝም ያለን ሰው ምን ሆነህ ነው ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? ክፍት ነው፣ የሁሉም ነው እያልክ በየስልኩ ስትሰብከኝ የኖርከው ነገር አንድ የታመመ እጅ ሲመጣ ነው የሚዘጋው? በጣም አሳፈርከኝ።

ይባስ ብሎ ጠበቃህ የሆኑት እሳቸው ናቸው። «ደንብ አስከበረ፤ ምን ያድርግ?» ይላሉ። አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እየቀመሱ አይደለም።

ጠጋኙ እንደኔው አንጀቱ አርሮ ያንኑ ጨዋታ ከእናንተ ለይቶ በስፌት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከፈተላቸው፤ አድራሻውን የያዘ ሰው ከየትም ይገባበታል። ኮዱ ለሁሉም የተሰጠ ስለሆነ እዚህ ማንም ዳኛ አይከለክላቸውም። አባባም ትናንት ግንባቸውን እንደገና ጀመሩ። ከጎናቸው ባዶ ቦታ አየሁና እዚህ ጋ እኔ ልሥራ ብላቸው፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ «ባለቤት አለው» አሉኝ። ባንተ ላይ የነበረኝ ንዴት እጥፍ ሆነ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በእሷ ላይ ቂም የለኝም። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ በናፍቆት ትስምሃለች፤ ነገሩን ብነግራት ጆሮህን ነበር የምትቆነጥጠው። ጠጋኙ ሰላም አይልህም። የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ደብዳቤ መላኬንም አያውቁም። ከእንግዲህ በእናንተ መሀል መልእክተኛ አልሆንም። ወደ አባባ ጨዋታ የምትገባበትን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ አስቀምጬልሃለሁ። በራስህ ስም ግባና ቀድመህ ሰላም በላቸው። መልሱ ቢዘገይብህ ጥለህ እንዳትወጣ፤ በአንድ እጅ ነው የሚጽፉት።

ታላቅ እህትህ
ከአባባ ልብስ ስፌት ቤት
የካቲት ፱ ቀን