የኤልሲ ድምፅ

ሰኞ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ፬ ሰ.

ገረድ አልሆንሁም፣ ማስታወሻዬ። ትናንት ከጸሎት በኋላ አንዱ ተማሪ፣ እንግሊዝኛ እየደባለቀ፣ «እትዬ ዘነበች ጃብ አገኙ አሉ፤ ሶ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። አንቱታውን ስላልረሳ ብቻ ታገሥሁት። ከታች ፎቅ ላለችው አሮጊት ታጥባለች፣ ትጠርጋለች ተብሎ ተወርቷል። ሐሰት። የምወርደው የምትነግረኝን በቴፕ ለመቅዳት ነው።

ኤልሲ ትባላለች። ሆፒ ናት፤ ነጮች ወደዚህ አገር ሳይመጡ በፊት አሪዞና ከነበሩት ወገን። በልጅነቷ በረሃ መካከል ባለ የባቡር ሆቴል አልጋ ታነጥፍ፣ ለመንገደኛ ሾርባ ታቀርብ ነበር። እኔም ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የሆቴል አንሶላና የገበታ ልብስ ኃላፊ ነበርሁ። የኔ ባልንጀሮች ማንም ሳይጠይቃቸው ሞቱ። የእሷም አልቀዋል። ልቧ ደክሟል። ቅዳሜ የወንድሟ ልጅ ወደ አገሯ ይወስዳታል። ከዚያ በፊት መቅዳት አለብኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፯፣ ከሰ. በኋላ

ሁለት ካሴት ሞላ። ባቡሩ ከሩቅ ሲጮኽ ሾርባው ይቀዳል፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር። መንገደኞቹ አምባሯን ከእጇ አውልቀን ካልገዛን ይሉ ነበር። እየሳቀች ነገረችኝ። በሆቴሉ ግቢ ለእንግዶች ትጨፍሩ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ማይክራፎኑን በመዳፏ ሸፈነችው። ያ ጸሎታችን ነው፤ ለቴፕ አይደለም አለች። ልክ ናት። ከመጋረጃ ውስጥ ያለውን እኔም ለማንም አላወራም።

ቅቤ ያለበት ብስኩት አቀረበችልኝ። ጾም ነው አልኋት። አልተቀየመችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፰፣ ማታ

ካሴቱን ሰማሁት። ምነው ባልሰማሁት።

የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው። አንሶላው በአራት ይታጠፍ ነበር ስትል አቋርጣታለሁ፦ በአራት አይደለም፣ በሦስት ነው፤ ድሬዳዋ የፈረንጅ መነኮሳቱ እንዲያ ነው ያስተማሩን። ሾርባ ከቀኝ ነው የሚቀርበው። ስለ እናቷ ልትጀምር ስትል ስለ ሳሙናው እጠይቃለሁ። እሷ፣ «እሺ፣ ዘነበች»። ካሴት ሙሉ እሺ።

ልጄ ዳንኤል ከሚሠራበት ከቶራንስ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። «እማዬ፣ ኢንተርቪው ያደረገችሽ እሷ ናት እንዴ?» አለኝ። ቴፑን አጠፋሁት። እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ መጋቢት ፱

ማለዳ ወረድሁ። በሩ ክፍት ነው። የወንድሟ ልጅ፣ ሬይ፣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ይከታል። ሌሊት ታማ ሐኪም ቤት ገብታለች። ነፍሷ አለች፤ እንግሊዝኛው ግን ጠፍቶባታል። በሆፒ ብቻ ትናገራለች፤ ያለ ማቋረጥ። እሱ ከተማ ያደገ ነው፤ ግማሹን እንኳ አይሰማም። እኔ አንድ ቃል አላውቅም።

«አሁንማ ሊያርሟት አይችሉም» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። ነግራዋለች ማለት ነው።

ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ዳዊቴን ገለጥሁ፤ ማንበብ አቃተኝ። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችውን አምናኝ ልታወጣ ስትል፣ እኔ አንሶላ አሳጥፋታለሁ።

ከሰ. በኋላ ሬይ ደጄን አንኳኳ። መንደራቸው ያሉ ሽማግሌዎች ቴፕ ቢደርሳቸው የምትለውን ይረዱታል አለ። ሐኪሙ እስከ እሁድ በሕይወት ትቆይ እንደሆነም አላውቅም ብሏል።

ነገ መጀመሪያ፦ ፌርፋክስ መንገድ ጥግ ካለው ሱቅ ባትሪና ባዶ ካሴት። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሐኪም ቤቱ፤ ዳንኤልን አልጠብቅም። ቴፕ አይገባም ካሉ ነርሷን መለመን፤ ልመና ባላውቅም። ማይክራፎኑን ትራሷ አጠገብ ማኖር። ወንበሬን ወደ በሩ ማራቅ። ካሴቱ ሲያልቅ መገልበጥ። ዝም ማለት።