የጢሞ ቀለብና የእትዬ ወርቅነሽ ሳህን

ሰኔ 3፣ ጠዋት
ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ። ሣር ውስጥ ተንበርክኬ ፌንጣ ሳሳድድ የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር አየኝ። ወርቅ የጠፋኝ መስሎት ወርዶ አብሮኝ ፈለገ። እውነቱን ማውጣት አፍሬ ጉትቻ ነው አልኩት። በመጽሔት ለሰው ሁሉ የቤት አያያዝ የምመክረው እኔ ነኝ እንግዲህ።
ጣጣው የእህቴ ልጅ የሄለን ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ ጢሞን አደራ ሰጠችኝ። ፌንጣ የሚበላ እንሽላሊት ነው፤ አገጩ ሥር ጢም የመሰለ እሾህ አለው። ከሚጢጢነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ነው።

ሰኔ 4፣ ከሰዓት
ሄለን በስልክ አስጠናችኝ። ፌንጣው በጢሞ ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ለጢሞ ከመሰጠቱ በፊት ፌንጣው ጎመን በልቶ ይዋል፤ የተራበ ፌንጣ ምን ይጠቅመዋል። ካልሲየም ዱቄት ይነስነስበት። መድኃኒት ከተረጨ ማሳ የመጣ ወይም በጨለማ የሚያበራ ነፍሳት፣ በጭራሽ። ቡሹሎ ሰፈር ለዶሮ መኖ የዝንብ ትል የሚያረባ ሰው አለ አሉ። እሄዳለሁ።

ሰኔ 5
ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ መጡ። ሹፌሩ ነግሯቸው፣ ስለ ጉትቻው ሊያጽናኑኝ። ሳቄ መጣና እውነቱን ነገርኳቸው። ወዲያው ተመልሰው ሄዱ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን እንግዳ አይጠይቁም። ሳህን ከድነው መጡ፤ በረሮ። እግሩ ገና ይንፈራገጣል። ጢሞ አንዱን ዋጠ። ሽታው ያኔ ደረሰኝ።
“እትዬ፣ ምን አደረጉት?”
“እንዳይሮጥብኝ ፍሊት ነፋሁበት። በላልሽ አይደል?”
በላ አልኩ። ደስታቸውን እያየሁ ምን ልበል።

ሰኔ 6
ጢሞ ዓይኑን አይገልጥም። በጫማ ካርቶን ይዤው ወደ እንስሳት ሐኪም። ሙቀት ይኑረው፣ የሚሆነውን እንጠብቅ አለኝ። ለሄለን ነገርኳት። “ሙቀቱን አደራ” ብላ ስልኩን ዘጋች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 8፣ ማለዳ
ተመስገን። ዓይኑን ገለጠ። የቡሹሎውን ትል ከጣቴ ላይ ነጠቀኝ። ለሄለን ስደውል አለቀሰች፤ እኔም።

ሰኔ 8፣ ከሰዓት
እትዬ ወርቅነሽ በአጥር ተጣሩ። “ያ ጢማም እንዴት ዋለ? ለነገም በረሮ ይዤልሽ እመጣለሁ።”
ሳህናቸው እኔ ጋ ነው። ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ እውነቱን ሳይናገሩ መመለስ ደግሞ ጢሞን ይገድላል። ወሰንኩ። ነገ በማለዳ፣ እሳቸው ሳይቀድሙኝ፣ ዳቦ አድርጌበት እሄዳለሁ። ቁጭ ብዬ የፍሊቱን ነገር እነግራቸዋለሁ። ካልተቀየሙኝ፣ ጎመን የበላ ፌንጣ በቁሙ እንዲያጎርሱት እጠራቸዋለሁ። ከተቀየሙኝም የተናገሩኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚሁ ታገኘዋለህ። አሁን ሊጡን ላቡካ።