ብርቄ የደበቀችው እግር

ሰኞ
ዛሬም ቁርሷን አልነካችም። የልጄ ልጅ ብርቄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ በእኔ እጅ ናት። “ካልበላሽ የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርፌውን ይዞ ይመጣል” አልኳት። ወዲያው ዋጠች። ይህ ዘዴ ከሽፎብኝ አያውቅም።

ማክሰኞ
የጎባ ብርድ ጸንቷል። ብርቄ ካልሲዋን አላወልቅም ብላ ዋለች። ቀጥ ብላ ትራመዳለች፤ ከወትሮው ይልቅ ቀጥ ብላ። አረማመዷ አላማረኝም።

ረቡዕ
ትኩሳት። ካልሲውን በግድ አወለቅሁት። ተረከዟን ምስማር ወግቷት መግል ቋጥሯል፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ እሑድ አለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ካልሲውን መልሳ ልታጠልቅ ታገለች። ድሬሰር የሚለውን ቃል ስትሰማ አልጋ ሥር ገባች፤ የአልጋውን እግር ይዛ አልላቀቅ አለች።

ድሬሰሩ ደግሞ ወደ ሲናና ወረዳ ሄዷል፤ ሌላ የሚያክም የለም፤ የሚመለሰው ዐርብ ነው አሉ።

ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ መጥታ ተንበረከከችና “ሂን ሶዳቲን” አለቻት፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “እትዬ፣ እርስዎ ቤት ድሬሰሩ ከጅብ ይብሳል እንዴ?” አለችኝ። ለቀልድ ነው። አልሳቅሁም።

ሐሙስ
ቅላቱ ወደ ጉልበቷ እየወጣ ነው። በጨው ውኃ ከማጠብ በቀር የማደርገው የለም። አጠገቧ ተቀምጬ ፍርሃቶቿን በተራ ጻፍኩ።
በሁለት ዓመቷ የወፍጮ ድምፅ። በራሱ ጊዜ ለቀቃት።
በአራት ጨለማ። እሱም አለፈ።
በአምስት ጅብ። ውሻ ስናመጣ ተወችው።
በስድስት፣ እናቷ ስታርፍ፣ እኔም እንዳልሞትባት። ከቤተ ክርስቲያን እስክመለስ በር ላይ ትቆም ነበር።
በሰባት መርፌ። ያለፉት ከዕድሜዋ ጋር መጡ፣ ከዕድሜዋ ጋር ሄዱ። ይህን ግን በየማለዳው ከገንፎ ጋር ያጎረስኳት እኔ ነኝ።
እኔን የኔታ በአለንጋ ነው ፊደል ያስቆጠሩኝ። ፍርሃት ሰው ያደርጋል ብዬ ኖርኩ። እግሯ ቢቆረጥ ለማን ምን እላለሁ?

ዐርብ
ድሬሰሩ መጣ። መግሉን አወጣ፣ መርፌም ወጋት። አላለቀሰችም፤ እንደ እንጨት ደረቀች። “ማነው እኔን እንዲህ እንድትፈሪ ያደረገሽ?” አላት። አየችኝ። “ማንም” አለች።
በዚህ ቤት ውሸት ያስቀጣል። አንገቴን ደፋሁ።
እግሯ መትረፉን ሰኞ አይቼ እነግርዎታለሁ ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ
ትኩሳቱ በረድ ብሏል፤ እብጠቱ ግን ያው ነው። ገንፎ አቀረብኩላት፤ እንቢ አለች። ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠግቼ መለስኩት። ልጅ እንዴት እንደሚለመን ማንም አላስተማረኝም።
“እማማ፣ ካልበላሁ ማን ይመጣል?” አለችኝ።
“ማንም አይመጣም” አልኳት።
ትክ ብላ አየችኝ። አምናኝ ይሁን ፈርታኝ አላውቅም፤ አፏን ከፈተች።