ለተሳለች ዝሆን ያለቀሱት ወንድሜ

ውድ ታላቅ ወንድሜ ሚርዞሂድ አካ፣

ትናንት ባለቤትዎ ሳኖባር ቤቴ መጥታ ነበር። ከሠርግ መድረክ ላይ ወድቀው ዳሌዎ መሰበሩን፣ ሐኪሙም የአፕሪኮቱ ዛፍ እስኪያብብ ድረስ ከአልጋ እንዳይወርዱ ማዘዙን ነገረችኝ። ወንዶች ልጆችዎ ኮሪያ ናቸው። እሷ ወገቧን ያማታል። የባዕድ እጅ አይነካኝም ብለዋል አሉ። «‹ኦይዲን ትምጣልኝ፣ እሷ በሽተኛ ማገላበጥ ታውቅበታለች› ይላሉ» አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሌት ተቀን ያለቅሳሉ፤ አንጀት ይበላሉ» ብላ ጨመረች።

መልሱን በአፌ ልነግርዎ እችል ነበር። ከእኔ ቤት እርስዎ ቤት ድረስ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል። ነገር ግን ፊት ለፊት ከተናገርኩ ያለቅሳሉ፤ እርስዎ ሲያለቅሱ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አደረግሻቸው?» ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ጻፍኩ። እያለቀሱም ቢሆን ያንብቡት፤ ወረቀቱ አይደነግጥም።

ሆደ ቡቡ ነዎት ይባላል። በከተማችን በኮካንድ ይህን የማያውቅ የለም። ማይክሮፎን ይዘው ሠርግ ሲመሩ፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ስትለይ፣ ከሙሽራዋም ከእናቷም ቀድመው የሚያለቅሱት እርስዎ ነዎት። ሰዎች ለዚያ ብለው ነው የሚጠሩዎት። እኔም ድሮ ይህን እንደ ጸጋ አየው ነበር።

እናታችን ግማሽ ጎኗ የከዳት ጊዜ የምትኖረው በእርስዎ ግቢ ነበር። በወጋችን እናት ከወንድ ልጇ ግቢ እንደማትወጣ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። እርስዎ ግን ወር ሳይሞላ በመኪና ጭነው እኔ በር ላይ አደረሷት። «ልቤ አልቻለም፣ ኦይዲን። አፏ ተጣሞ ሳያት እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። በሩ ላይ ቆመውም አለቀሱ። ጎረቤቴ ሁልካር እንኳ አይታ «ምስኪን» አለች። ይሁን እንጂ እናታችንን ከመኪናው አውርደን፣ ተሸክመን ያስገባናት እኔና ሁልካር ነን። የእርስዎ እጅ ሥራ ላይ ነበር፤ መሐረብ ይዟል።

ያን የበረዶ ወራት የስፌት መኪናዬን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቼ ከረምኩ። አንድ ጉርድ ሰፍቼ አገላብጣታለሁ፤ አንሶላዋን ለውጬ እንደገና እሰፋለሁ። ሳኖባር ሾርባ ትልክ ነበር፤ ሐቁን ለመናገር ሾርባዋ ጥሩ ነበር። እርስዎ ጋ ስደውል ግን፣ «ስለ እሷ አትንገሪኝ፤ ማታ ሠርግ አለብኝ፣ ድምፄ ይዘጋል» ይሉኝ ነበር። ድምፅዎ እንዳይዘጋ መደወሌን ተውኩ።

ከዚያ የጸደይ በዓላችን ናቭሩዝ መጣ። እናታችን ለብዙ ሳምንታት ቃል አልወጣትም ነበር። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ግን ዓይኔን እያየች «ሚርዞሂድ» አለች። ጥርት አድርጋ። ከዚያ ደግማ፣ «ሚርዞሂድ የት አለ?» አለችኝ። ሁልካርን አጠገቧ አስቀምጬ ወደ እናንተ ቤት ሮጥኩ። ሳኖባር የልጅ ልጆችዎን ሲኒማ ቤት ይዘው እንደሄዱ ነገረችኝ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰውዬ፣ እናቴ ልጇን ትፈልጋለች ስለው፣ ያለ ትኬት አስገባኝ።

ካርቱን ነበር። አንዲት ያረጀች ዝሆን ጉልበቷ ከድቷት ደረቅ ወንዝ ዳር ተንበርክካለች። መንጋው ትቷት ይሄዳል። እሷ ኩምቢዋን አንስታ በሄዱበት በኩል ታሸታለች። አዳራሹ ውስጥ ሲነፈረቅ ሰማሁና ሕፃናቱ መስለውኝ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ለካ አባቶቹ ናቸው። ሚስቱ ምጥ ይዟት ስትጮህ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣው ሥጋ ሻጩ ቱርሱንቦይ፣ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ይጠርግበታል። ከጎኑ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ ንፍጡን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ «ምን ሆኗል አባዬ?» የምትለውን ልጁን «ዝም በይ፣ አታዪም?» ይላታል። ልጆቹ አላለቀሱም። ፈንዲሻቸውን እየበሉ አባቶቻቸውን ያያሉ።

እነዚህ ወንዶች ለምን እንደዚያ እንደሚያለቅሱ ኋላ ላይ አሰብኩበት። የተሳለች ዝሆን አትሸትም። አንሶላ አታስለውጥም። ሌሊት አትጣራም፣ ምራቋ አገጯ ላይ አይወርድም። መብራት ሲበራ እሷ ትጠፋለች፤ የተመለከታት ሰው ግን ደግ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ርካሽ ደግነት በሌላ ገበያ አይገኝም።

ያን ሰዓት ግን እንዲህ አላሰብኩም። ከኋላዎ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ትከሻዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልቤ ሞቀ፣ አካ። ልቡ ተከፍቷል፣ ዛሬ ይመጣል አልኩ። ለአሮጊት ዝሆን እንዲህ የሆነ ሰው ለእናቱ እንዴት ይሆን አልኩ። መብራቱ በራ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት ዞራ እርስዎን በስልኳ ስትቀርጽ አየሁ። እሷ ስልኳን እስክታወርድ ጠብቄ ወደ ጆሮዎ ጠጋ አልኩ።

«አካ፣ እናታችን ስምዎን ጠራች። ዛሬ ጠዋት፣ ጥርት አድርጋ። የት አለ አለችኝ።»

በቀላ ዓይንዎ አዩኝ። «ኦይዲን፣ ያለሁበትን ሁኔታ አታዪም? ልቤ እኮ ተቆራርጧል። ዛሬ እሷን ካየሁ እዚያው ነው የምወድቀው።»

«ቢወድቁ አነሳዎታለሁ። ሰው ማንሳት ለምጃለሁ።»

«አንቺማ ጠንካራ ነሽ። አላህ ለአንዱ ጉልበት ይሰጣል፣ ለአንዱ ልብ» አሉኝ። ከዚያ ዓይንዎን ጠርገው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ኑ፣ አይስክሬም እንብላ።»

የወጣቷ ቪዲዮ በማግስቱ ከተማውን አዳረሰው። እኔ ከመናገሬ በፊት ያበቃል። ከሥሩ ሰዎች «ወንድ ማለት እንዲህ ነው»፣ «እንዲህ ያለ ልብ ያለው አባት ይስጠን» እያሉ ጽፈውበታል። ገበያ ክር ልገዛ ስወጣ ሴቶች ያስቆሙኛል። «የሚርዞሂድ አካ እህት ነሽ? ታድለሽ!» ይሉኛል። ሠርግ የሚጠራዎ ሰው እንደበዛም ሰማሁ።

ወደ ቤት ስመለስ እናታችን ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ነበር። አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልሰሙም።

«የታለ?» አለች።

«ሲኒማ ቤት ነው። እያለቀሰ ነው» አልኳት። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር።

«ምን ሆኖ?»

«ለዝሆን ነው፣ እማዬ። የተሳለች ዝሆን።»

ግንባሯን ቋጠረች። «ታማ ነው?»

«አርጅታ ነው። ትተዋት ሄዱ።»

ደህናው የአፏ ጎን ሲነሳ አየሁ። ሳቅ ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተች፣ «እኔንም ቀለም ቀብታችሁ እዚያ ብትሰቅሉኝ ያየኝ ነበር» አለች። ሁልካር ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች። እናታችን ከዚያ በኋላ ስምዎን አልጠራችም። አልተቀየመችም፤ መጠበቅ ብቻ ተወች። አፕሪኮቱ ሲበስል ሞተች፤ በመካከሉ በበራችን ስንቴ በመኪና እንዳለፉ ከሞተርዎ ድምፅ እናውቃለን።

በቀብሯ ዕለት እንደ ሐዘንተኛ ልጅ ወግ ወገብዎን በመቀነት አስረው፣ በትር ተደግፈው ከግቢው በር ላይ ቆሙ። «ወይ እናቴ! ወይ እናቴ!» ሲሉ ድምፅዎ ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር። እኛ ሴቶቹ እያጠብናት ነበር። አንዲት ዘመድ ውኃ እያቀበለችኝ፣ «እንዴት ያለ ልጅ ወልዳለች!» አለች። ሁልካር ቀና ሳትል «ሁለት ወልዳለች» አለቻት። ለእኔ ከተነገሩኝ የልቅሶ ቃላት ሁሉ የቀረልኝ ይኸው ነው።

አሁን ተራው የእርስዎ ሆኖ ጠሩኝ። ሁልካርን ባማክራት፣ «ምን ቆርጦሽ! ካርቱን ይክፈቱላቸው፣ ያስታምማቸዋል» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ከልቤ ነው የሳቅኩት። ሌሊቱን ግን ሳኖባር በዚያ ወገቧ እርስዎን ለማንሳት ስትታገል እየታየኝ አደርኩ። ልቤ አይችልም ብዬ መቅረት እችላለሁ። ቃሉን ከእርስዎ ተምሬዋለሁ፣ ሰውም ያምነኛል። ግን እርስዎን መምሰል አልፈልግም። ከወንድምነትዎ ይልቅ የሚያመጣኝ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አይጠብቁ።

ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ሳኖባር ውኃ ታሙቅ፤ ንጹሕ አንሶላም ታዘጋጅ። ጀርባዎ እንዳይቆስል አገላብጥዎታለሁ፣ አጥብዎታለሁ፣ አበላዎታለሁ። እጄ አይጨክንም፤ እናታችን ብትኖር ትመሰክር ነበር። ስለ እሷ አያንሱብኝ። ይቅር በይኝም አይበሉኝ፤ ገና አልደረስኩበትም። እንባዎ ከመጣ ደግሞ ይምጣ፣ አልከለክልም። አላባብልዎትም ግን። መሐረብ ትራስዎ ሥር አስቀምጥልዎታለሁ፤ ፊትዎን ራስዎ ይጥረጉ። የተሰበረው ዳሌዎ ነው፤ እጅዎ ደህና ነው።

እህትዎ
ኦይዲን